የባሌን ድንጋይ ጎርፍ አላመጣውም

ሰሞኑን አንድ የጂኦሎጂ ተማሪ «ጋሼ፣ በረዶ በሌለበት አገር ስለ በረዶ ግግር መማር ምን ያደርጋል?» አለኝ። ልጁ አይፈረድበትም። እኛንም ያስተማሩን በስዊዘርላንድ ፎቶ ነው። ግን ጥያቄው የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ተማሪ ሳለሁ ለመስክ ሥራ ባሌ ወጥተን ነበር። ከጎባ በላይ ጦጎና ሸለቆ ውስጥ፣ ጅብራ የበቀለበት ረጅም የድንጋይ ክምር አለ። ፈረስ የሚስቡልን ሽማግሌ ክምሩን እያዩ «ይሄ እንኳ የወንዝ ድንጋይ አይደለም» አሉ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጠርዙ አልተሞረደም፤ በሬ የሚያክለው ቋጥኝ፣ ጠጠሩና የላመው አፈር አንድ ላይ ተለውሰዋል። ወንዝ ቢሆን ከባዱን ጥሎ ቀላሉን ይወስድ ነበር፣ ድንጋዩንም እያንከባለለ ያድበለብለው ነበር። አስተማሪያችን ግን «ጎርፍ ነው፣ ቀጥሉ» አለን፤ ብርዱም እጅ ያደነዝዝ ስለነበር ማንም አልተከራከረም። ሽማግሌውን እንኳ በምን አወቁ ብሎ የጠየቃቸው የለም። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ክምሩ ሞሬን ነው፤ የበረዶ ግግር ጥሎት የሄደ የድንጋይ ክምር ማለት ነው። ባሌም ድሮ ግግር ነበራት፣ ቁልቁል ቀስ እያለ የሚንሸራተት ወፍራም በረዶ። ግግሩ ከተራራው የቆረሰውን ትልቅ ትንሽ ሳይለይ ተሸክሞ ይወርዳል፣ ሲቀልጥ እዚያው ዘርግፎት ይቀራል። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ዕድሜውን ነግሮናል። ተመራማሪዎቹ የቋጥኞቹን አናት ፈልፍለው፣ ከጠፈር የሚመጣ ጨረር ድንጋዩ ውስጥ የፈጠረውን ልዩ የክሎሪን ዓይነት ለኩ፤ ቋጥኙ ከበረዶው ወጥቶ በቆየ ቁጥር ይሄ ክሎሪን ይበዛል። የባሌ ግግር በጣም ሰፍቶ ወደ ታች የገፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነው። የሚገርመው ያኔ ሰውም እዚያው ነበር! ፊንጫ ሀበራ በሚባለው ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውን ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር።

አንብቡ፣ ትጉ ምናምን አልላችሁም፤ ሰልችቷችኋል። ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ድንጋዩን በእጃችሁ ያዙት ነው የምለው። የዛሬ ልጅ ገደል አፍ ላይ ቆሞ የሚያየው የራሱን ፊት ነው። እርግጥ ዕድሜውን ያወጣው ላቦራቶሪ እንጂ እጅ አይደለም፤ ቢሆንም ቋጥኙን መጀመሪያ በዓይኑ ያየው ሰው ነው።

አርሲ፣ በዳ ተራራ ላይም ሞሬን አለ፣ ሰሜን ተራሮችም ቧሂት ላይ። የሚሄድ ካለ ፎቶ ይላክልኝ። ሰልፊም ቢሆን ግድ የለም፣ ክምሩ አጠገብ ቁሙና ተነሱ፤ ቁመቱን በእናንተ እገምታለሁ።