ካየኸው በላይ አትፈርም

ለጎንደር ሳይክል ወዳድ ልጆች፣

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ፣ ፒያሳ አካባቢ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እሱ ስለከነከነኝ ነው።

ያን ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት ፈረንሳይና ቤልጂየም በአውሮፓ ዋንጫ ይጫወታሉ። ቤቱ ገና በ12 ሰዓት ወንበር በሚይዙ ልጆች ሞልቷል። ባለቤቱ የቆየሁ ደንበኛው ነኝና "ኳሱ እስኪጀምር የጋሼን ሳይክል እንይላቸው" ብሎ ቱር ደ ፍራንስን፣ የፈረንሳይን የሳይክል ዙር ውድድር፣ ከፈተልኝ። ከፒያቼንዛ ቱሪን፣ 230 ኪሎ ሜትር። ልጆቹ አጉረመረሙ። "ሰው ሳይክል ሲነዳም ይታያል እንዴ?" ያለ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ያ ሁሉ ጋላቢ በአንድ ጎዳና ሲጎርፍ፣ ከመሃል ቢንያም ግርማይ ሾልኮ ሲወጣ፣ ቤቱ ብድግ አለ። ወንበር ተገለበጠ። የአስመራ ልጅ ነው፣ እኛ ግን እንደ ሰፈራችን ልጅ ጮህንለት። በቱር ደ ፍራንስ የአንድ ቀን ውድድር ሲያሸንፍ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው እሱ ነው።

አጠገቤ 17 ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ተቀምጧል። ሳይክል አከራይ ዘንድ ጎማ ሲለጥፍ አውቀዋለሁ። እጁ ላይ የሰንሰለት ቅባት አለ። ዓይኑ ፈጥጦ "ጋሼ፣ ንጹህ ነው አይደል?" አለኝ። አበረታች መድኃኒት አይወስድም አይደል ማለቱ ነው።

እኔም ሻዬን ፉት አልኩና "ተወኝ ባክህ፣ ሁሉም ይወስዳሉ" አልኩት።

ልጁ መልስ አልሰጠኝም። ወንበሩን ወደ ኳሱ አዞረ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ሳይክል ሊያይ አልመጣም።

ስለ ቢንያም የማውቀው አንድም ክፉ ነገር አልነበረም፣ ዛሬም የለም። በዚያው ቱር ሦስት ቀን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ነው ፓሪስ ሳይሆን ኒስ የገባው (ያን ዓመት መድረሻው ኒስ ነበር)። እኔ ደግሞ 38 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ናሙና ሳልወስድ ውጤት ሰጠሁ ማለት ነው። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ቢያደርግ በዚያው ቀን ጋዋኑን አስወልቀው ነበር።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላል።

ሳይክል የወደድኩት አስመራ ነው። በ1970ዎቹ ውስጥ እዚያ ሆስፒታል ተመድቤ ሠርቻለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሽማግሌው ሳይቀር ሱፉን ለብሶ ሳይክል ላይ ነው። ጎንደር ስመለስ ፍቅሩን ይዤ መጣሁ። ጎንደር ግን ከተማዋ ራሷ ዳገት ናት። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሳይክል ገፍቶ የመጣ ሰው የፈረንጆቹ ተራራ ምን እንደሆነ ማንም አይነግረውም።

እንግዲህ ላንስ አርምስትሮንግ መጣ። ካንሰር አሸንፎ ተመለሰና እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ሰባት ጊዜ በተከታታይ ቱር ደ ፍራንስን ወሰደ። በሥራዬ የካንሰር ሰዎችን ደም አይቻለሁ። ስለዚህ ይህ ሰው ለእኔ ጋላቢ ብቻ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቼ "ይወስዳል ይባላል" ሲሉ እንደ ጠበቃ ተነስቼ "ይህን ሁሉ ጊዜ ተመርምሮ አልተገኘበትም፣ አበቃ" እል ነበር። የምናገረው እንደ ባለሙያ ነበር፣ ያሳፈረኝም እሱ ነው። "አልተገኘም" እና "የለም" የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በየቀኑ የማስተምረው እኔ ነበርኩ። ወባ ያለበት ሰው አንድ ስላይድ ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እንደግማለን።

እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ ከ1000 ገጽ በላይ ማስረጃ አወጣ። 26 ሰዎች መሰከሩ፣ ከእነሱ 15ቱ ጋላቢዎች ናቸው። ሰባቱም ድል ተሰረዘ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ለእነዚያ ዓመታት ምትክ አሸናፊ አለመሰጠቱ ነው። መዝገቡ ላይ ቦታው ባዶ ነው። ሰውየው ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሲያምን እዚህ የ2005 ዓ.ም. ከተራ ዕለት ማለዳ ነበር። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሊወርዱ ነው፣ ሁሉም ነጭ ለብሷል። እኔ በረንዳዬ ላይ ሬዲዮ ይዤ ተኮራምቻለሁ። ባለቤቴ "ሰው ሞተብህ?" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ የሚያሸንፍ ሁሉ ሌባ መሰለኝ። መጀመሪያ በጭፍን አመንኩ፣ ቀጥሎ በጭፍን ጠረጠርኩ። ሁለቱም የሰነፍ ሥራ ነው፣ ሁለቱም ማየት አይጠይቁም። ልጁን ያስቀየምኩት በዚህ ሁለተኛው በሽታዬ ነው።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመልሳችሁ፣ እዚያ ይቀለኛል።

ከጣት ጫፍ ላይ ደም ይወሰዳል። እንደ ሣር በቀጠነች የመስታወት ቱቦ ይሞላል። አንዱ ጫፍ በሰም መሰል ነገር ይደፈናል። ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ገብታ 5 ደቂቃ በፍጥነት ትሽከረከራለች። ስትወጣ ደሙ ተለያይቷል። ከታች ቀዩ፣ መሃል ላይ እንደ ክር የቀጠነ ነጭ፣ ከላይ ደግሞ ቢጫ ውሃ። ቀዩ ከጠቅላላው ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ትለካላችሁ። ሄማቶክሪት ይህ ነው። ወንድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ነው። ቀዩ ኦክሲጅን ተሸካሚ ነው፣ በበዛ ቁጥር ዳገቱ ይቀላል። ኢፒኦ የሚባለው መድኃኒት ሥራው ቀዩን ማብዛት ነው። የተሠራው ኩላሊታቸው ለደከመ ሕመምተኞች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጋላቢዎቹ በሆቴል ክፍላቸው ትናንሽ ሴንትሪፊውጅ ይዘው ራሳቸውን ይለኩ ነበር። እኛ በዚያን ጊዜ ለአንዷ ማሽን መለዋወጫ ስንለምን ኖረናል።

ኢፒኦን በምርመራ መለየት ባልተቻለበት በዚያ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር አንድ መስመር አሰመረ። ከ50 በላይ የሆነ ጋላቢ "ለጤናህ ነው" ተብሎ ሁለት ሳምንት ያርፋል። ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1999 ጠዋት በማዶና ዲ ካምፒልዮ ደሙ 52 ተገኘ። የጂሮ ዲ ኢታሊያን፣ የጣሊያንን ዙር ውድድር፣ የመሪነት ሮዝ ማሊያ ለብሷል፣ የቀሩት ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው። ከውድድሩ ወጣ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ34 ዓመቱ ሪሚኒ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል ብቻውን ሞቶ ተገኘ።

52። አንዲት ቁጥር። እኔም አንድ ቀን በእንዲህ ያለች ቁጥር ልሳሳት ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከጃናሞራ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ ደም ደረሰኝ። ለካሁት፣ 58። ደገምኩት፣ 58። ደሙ የሚወፍር በሽታ ስለመኖሩ ገና ማንበቤ ነበርና ደስ አለኝ፣ ያልተለመደ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ አስተያየቴን ጽፌ ልፈርም ስል አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

"ሰውየውን አይተኸዋል?" አሉኝ።

አላየሁትም። ይዘውኝ ወደ ዋርዱ ሄዱ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አለቃዬ የሆዱን ቆዳ ቆንጥረው ለቀቁት፣ ቆዳው እንደተቆነጠረ ቀረ። ሦስት ቀን ተቅማጥ ይዞታል። ቀዩ አልበዛም፣ ውሃው ነው ያለቀው። ሌሊቱን ጉሉኮስ ሲወርድለት አደረ። በነጋታው ለካሁት፣ 46።

"ቁጥሩ ልክ ነው፣ ጻፈው። ካየኸው በላይ ግን አትፈርም" አሉኝ አለቃዬ።

ታዲያ ያንን ገበሬ ያዳነው የጉሉኮስ ከረጢት ምን ሲሠራበት እንደኖረ ልንገራችሁ? መርማሪዎቹ በር ላይ ሲደርሱ ጋላቢው በክንዱ የጨው ውሃ ያስገባል፣ ደሙ ይቀጥናል፣ ቁጥሩ ከ50 በታች ይወርዳል። የአርምስትሮንግ ጉዳይ ላይ ይህ በምስክር ተነግሯል። ሳነበው የተናደድኩት ስለ ስፖርቱ አይመስላችሁ። ያ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ሰው ነው ትዝ ያለኝ።

ስለ ሰሜን ተራሮችም አንድ ነገር ላንሳ፣ ኩራትም ስላለብኝ ነው። አምባራስ 3,530 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነውና የሰዉ ደም ወፍራም ይሆናል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ በደቡብ አሜሪካ ተራሮች እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን የአምባራስ ሰዎች ሄሞግሎቢን (ቀዩ ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው) ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳየ። ሰው ከሰው ይለያያል። ለዚህ ነው አንድ መስመር ለሁሉም ማስመር የማያዋጣው። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የብስክሌት ማኅበሩ የሚጠቀምበት ባዮሎጂካል ፓስፖርት ይህን ያርማል። ጋላቢውን ከሌላ ሰው ጋር አያስተያይም፣ ከራሱ ጋር እንጂ። ዓመቱን ሙሉ ደሙ ይመዘገባል። ገና የተወለዱት ቀይ ሴሎች ድንገት ቢበዙ ወይም ቢጠፉ ጥያቄ ይነሳል። ያመልጣል? አዎ ያመልጣል። ወባም ያመልጠናል።

አሁን እናንተ የምትከራከሩበት ታዴይ ፖጋቻር ነው። ስሎቬኒያዊው እ.ኤ.አ. በ2024 ፕላቶ ደ ቤይ የሚባለውን ዳገት ፓንታኒ እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣበት ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሽሎ ወጣው። "ኢፒኦ የወሰደ ሰው ያላደረገውን ያለ ኢፒኦ እንዴት?" ትላላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው፣ እኔም እጠይቃለሁ። ግን ሰውየውን እዩት። ሳይክሉ ተለውጧል፣ ልብሱ በንፋስ ዋሻ ይሞከራል። ዛሬ እየጋለቡ በሰዓት 100 ግራምና ከዚያ በላይ ካርቦሃይድሬት ይወስዳሉ፤ የእኛ በሶ ቢያድግ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሦስቱን ደቂቃ ይሞላል? እኔ አልፈርምም። እሱ ላይ የተገኘ ጥፋት ግን እስከ ዛሬ የለም፣ ይህንም ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለብኝ።

በዚያው ዓመት አንዳንድ ቡድኖች፣ የእሱም ጭምር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን የከሰል ጋዝ በመጠኑ እያስነፈሱ ደም እንደሚለኩ ተወራ። የጎንደር እናት ከሰል እየነደደ በተዘጋ ቤት እንደማይታደር ታውቃለች። ለመለኪያ ያህል ሳይንሱ የታወቀ ነው። ደጋግሞ መሳብ ግን ሌላ ጥቅም ሊኖረው ይችላል ተብሎ ተሠጋ፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ ታገደ። መጠርጠር ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው። ጥያቄ አለው፣ ደንብ ይወልዳል። የእኔ "ሁሉም ይወስዳሉ" ግን ምን ወለደ? አንድ ልጅ አስቀየመ።

ስለ ሯጮቻችን እንዲህ ሲባል ደግሞ እንዴት እንደሚያመን ታውቃላችሁ። ከእኛም የተቀጡ አሉ፣ አልደብቅም። ግን ፈረንጅ "ኢትዮጵያውያን ሁሉ" ሲል ደማችን ይፈላል። እኛም "ጋላቢዎች ሁሉ" ስንል ያው ነን።

ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ይቅርታ ስጠይቀው አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመስቀል ማግስት እሑድ፣ የዓለም ሻምፒዮና ኪጋሊ ላይ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር። አብረን አየነው። ፖጋቻር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሲቀረው ጥሎ ወጣ። ልጁ ከወንበሩ ተነስቶ ጮኸ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ ፈረሙ?"

"ናሙናው ፍሪጅ ውስጥ ነው። እስከ 10 ዓመት እያወጡ ሊመረምሩት ይችላሉ" አልኩት።

በጣቱ ቆጠረ። "2028 ማለት ነው። ያኔ እርስዎ ስንት ይሆንዎታል?"

"79።"

"አብረን እናየዋለና" አለና ሻይ ሊጨምርልኝ ተነሳ።