በገና ለችግረኛ ልጆች የምንሰጠው ስጦታ ከምጽዋት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? አባታችን በሕይወት ሳሉ በየዓመቱ ገና ሲደርስ በሰፈራችን ላሉ ችግረኛ ልጆች ልብስና ጫማ ይገዙ ነበር። ካረፉ በኋላ እኔና ወንድሞቼ፣ ታናሽ እህታችንም ጭምር ቀጥለንበታል። አሁን ግን መስማማት አቃተን። በማኅበራችን አንዳንዶች «የገና ስጦታ የፈረንጅ ነው» ይሉናል። እህቴ ልጆቹን አሰልፋ ሲቀበሉ በቪዲዮ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ትለቃለች፤ «ሌላውም አይቶ ይነሣሣል» ነው የምትለው። እኔን ግን ደስ አይለኝም። ዘንድሮ ኑሮው ስለከበደን እንቀንስ ስል፣ ታላቅ ወንድሜ «የአባታችን ስለት ነው፤ ካቋረጥነው መዓት ይመጣብናል» አለኝ። ከአሥራታችን ላይ ብናደርገውስ? ደግሞ ከልጆቹ አንዱ ሙስሊም ነው፤ ለበዓላችን ብለን ለሱ መስጠታችን ስሕተት አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የአባትሽን ነፍስ ይማርልን። ብዙ ነገር ጠይቀሻል፤ ሁሉም ላይ እኩል አልቆይም። የቪዲዮው ነገር ነው ረዘም የሚለው።

መጀመሪያ «የፈረንጅ ነው» የሚለውን እናንሣ። ዛፉ፣ የጥጥ በረዶውና ቀይ ለባሹ ሽማግሌ ከውጭ መምጣታቸው እውነት ነው። ድሀ አደግን ማልበስና ማብላት ግን ከማንም አልተዋስነውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 እግዚአብሔር እስራኤልን ሲያዝ፣ አጫጁ በእርሻው የረሳውን ነዶ ለማንሣት እንዳይመለስ፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቷ እንዲተውላቸው ይናገራል። ሩት የበላችው ከዚያ ቃርሚያ ነው። በፍትሐ ነገሥታችንም ስለ ጸሎትና ስለ ጾም ከሚናገሩት አንቀጾች ቀጥሎ የሚመጣው አንቀጽ 16 ስለ ምጽዋት ነው። በቡሄ ለልጆች ሙልሙል የሚጋግር ሕዝብ፣ በዝክር ቀን የኔ ቢጤውን ጠርቶ የሚያበላ ሕዝብ፣ ለልጅ መስጠትን ከሱቅ ማስታወቂያ አልተማረም።

ደግሞ የሚገርመው፣ ያ ቀይ ለባሽ ሽማግሌ ራሱ መነሻው የኛም ስንክሳር የሚያውቀው ቅዱስ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን፣ በጾመ ነቢያት መካከል፣ የሜራው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ይታሰባል። ሜራ ዛሬ በቱርክ ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ ያለች ቦታ ናት። በዚያ አገር አንድ ባለጠጋ ሰው ነበር። ሀብቱ አለቀና ደኸየ። ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ መዳሪያ አጣላቸው። ከችግሩ ብዛት ወደ ዝሙት ሥራ ሊያስገባቸው አሰበ። ኒቆላዎስ ይህን ሲሰማ በሌሊት መጣና ወርቅ በከረጢት አድርጎ በመስኮት ጣለ። ትልቋ ተዳረች። ለሁለተኛዋም እንዲሁ አደረገ። በሦስተኛው ጊዜ አባትየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሲጠብቅ አድሮ፣ ሮጦ ደረሰበትና እግሩ ላይ ወደቀ። ቅዱሱ ግን «ለማንም እንዳትናገር» አለው።

እንግዲህ ወደ እህትሽ ቪዲዮ መጣሁ።

ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ላይ ጌታ «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ያለውን ብዙ ጊዜ የምናስተምረው ለሰጪው ብለን ነው። ዋጋህን በሰው ጭብጨባ እንዳትጨርስ እንላለን። ትክክል ነው። ነገር ግን ስውርነቱ ለተቀባዩም ጭምር ነው። የኒቆላዎስን ታሪክ እስቲ በልጆቹ በኩል ሆነሽ እይው። አባታቸው ትናንት በከተማው የተከበረ ሰው ነበር። ያ ወርቅ በቀን፣ ጎረቤት እያየ ቢሰጣቸው ኖሮ እነዚያ ሴቶች ይዳሩ ይሆናል። ግን ዕድሜ ልካቸውን «በልመና የተዳሩት» ይባሉ ነበር። ቅዱሱ በሌሊት የሄደው የራሱን ዋጋ ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም። የነሱንም ክብር ጠብቆላቸዋል።

ዛሬ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ነገ አሥራ ስምንት ይሆነዋል። ቪዲዮው ግን እዚያው ነው። የክፍል ጓደኛው ያገኘዋል፣ የሚወዳት ልጅ ታገኘዋለች፣ ሥራ የሚቀጥረው ሰው ያገኘዋል። ጫማው በዓመቱ ያልቃል፤ «ጫማ የተሰጠው ልጅ» መባሉ አያልቅም። እህትሽ «እናቱ ፈቅዳለች» ትል ይሆናል። እስቲ አስቢው፤ ለልጇ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው «ፎቶ ላንሣ?» ቢላት ያቺ እናት እምቢ የምትልበት ምን አቅም አላት?

በእህትሽ አትፍረጂ። እሷም የያዘችው ጥቅስ አለ፤ «መልካሙን ሥራችሁን አይተው በሰማያት ያለውን አባታችሁን እንዲያከብሩ ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ» ይላል፣ ማቴዎስ 5፥16። ሁለቱንም የተናገረ አንድ ጌታ ስለሆነ አይጋጩም። እዚያ የሚከብረው የሰማዩ አባት ነው። የልጁ ችግር ለዕይታ ይውጣ የሚል ቃል የለውም። ሌላውን ማነሣሣት ከፈለገች የተገዛውን ጫማና ደብተር ታንሣ። «በየሰፈራችሁ እንዲህ አድርጉ» ብላ ራሷ ትናገር፣ የራሷን ፊት ታሳይ። የልጆቹ ፊት፣ ስማቸውና ቤታቸው አይታይ። የተለቀቀውንም ብታጠፋው ደስ ይለኛል። ጥቂት ላይክ ይቀርባታል፤ ይቅርባት።

ማሰለፉንም ተዉት። እኔ ልጅ ሳለሁ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። አኮፋዳ ይዤ፣ ከውሻ እየታገልኩ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ የዞርኩ ነኝ። ቁራሽ የሰጡኝን ቤቶች በሙሉ አላስታውስም። «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ብለው የጠየቁኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እናትየውን ወይም አሳዳጊውን ለብቻ አግኝታችሁ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። የሚያስፈልገው እናንተ የገመታችሁት ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርም፣ ደብተርና ምገባ እየቀረበ ነው። እዚያ ለሚማር ልጅ ሌላ ዩኒፎርም ብትገዙለት ምን ያደርግለታል? ምናልባት የጎደለው ጫማ ነው። ምናልባት ሰሌዳው አይታየውም፤ መነጽር ነው የሚፈልገው። ከፍ ላለች ሴት ልጅ ደግሞ ሞዴስ ሊሆን ይችላል። ይህንንማ በሰልፍ መሐል ማን ደፍሮ ይናገራል? አንቺ ለእናቷ ወይም ለራሷ በጓዳ ብትሰጫት ግን በወር አበባዋ ምክንያት ከትምህርት አትቀርም።

የጫማውንም ቁጥር ጠይቁ። የማይሆን ጫማ ተሰጥቶት አመስግኖ የሚሄድ ልጅ ያሳዝነኛል። ያገለገለ ልብስ መስጠትም ነውር የለውም። «ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል» ሲባል አዲስ ይሁን አልተባለም። ግን ታጥቦ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ለገዛ ልጅሽ ብታለብሺው የማታፍሪበት ይሁን።

ወደ ታላቅ ወንድምሽ ልምጣ። ስለት ቀላል ነገር አይደለም። መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል። ነገር ግን አባታችሁ በእርግጥ ተስለው ነበር ወይስ ወደው ያደርጉት ነበር? ጥያቄሽን ሳነበው ስለት ነው የሚለው ነገር አሁን፣ ገንዘቡ ሲያጥር የመጣ ይመስላል። አንድ አባት በየዓመቱ መልካም ስላደረገ ብቻ ሥራው ስለት አይሆንም። በርግጥ ተስለው ከሆነ፣ በተለይ ለናንተ አደራ ብለው ካለፉ፣ ለንስሓ አባታችሁ ንገሯቸው፤ እሳቸው የቤታችሁን ሁኔታ አይተው ይመሯችኋል። ሰው በራሱ «መዓት ይመጣል» እያለ ቤተሰቡን ማስጨነቅ ግን የለበትም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ስለ እርዳታ ሲጽፍ፣ በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን አይደለም ይላል፣ 8፥12። ቀጥሎ በምዕራፍ 9 በኀዘን ወይም በግድ አይሁን፣ እግዚአብሔር በደስታ የሚሰጠውን ይወዳል ይላል። ተበድሮ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አጉድሎ፣ ቁጣን ፈርቶ የሚሰጥ ሰው ደስታውን ከየት ያመጣዋል? ዘንድሮ ለአሥር ልጅ የሚሆን ከሌላችሁ ለሁለት ስጡ። ለልብስ ካልሆነ ጠርታችሁ አብራችሁ ብሉ።

እንዲያውም አብሮ መብላቱን ከልብሱ አስበልጬ ነው የማየው። ጌታ በሉቃስ 14 ግብዣ ስታደርግ መልሰው ሊጋብዙህ የማይችሉትን ጥራ ብሏል። ኢዮብም ስለ ራሱ ሲመሰክር እንጀራውን ለብቻው እንዳልበላ፣ ድሀ አደጉ አብሮት እንደበላ ይናገራል፣ ምዕራፍ 31። ልጆችሽ ያንን ልጅ ከነሱ ጋር ከአንድ መሶብ ሲበላ፣ ከምሳ በኋላ ግቢ ውስጥ ኳስ ሲያስቸግር ቢያዩት፣ «የምንረዳው ልጅ» ማለታቸውን ትተው በስሙ ይጠሩታል። እነሱም ከራሳቸው ነገር ያካፍሉ። ግን አታስገድጃቸው። የሚወደውን መኪና ስጥ ተብሎ እያለቀሰ የሰጠ ልጅ መስጠትን አልተማረም፤ ተቀምቷል።

የአሥራቱን ነገር በአጭሩ ልመልስ። አሥራት ወደ እግዚአብሔር ቤት የሚገባ ዕዳ ነው፣ ሚልክያስ 3፥10። ምጽዋት ከዚያ በላይ ከራስሽ ድርሻ የምትሰጪው ነው። በዘዳግም 14 በየሦስተኛው ዓመት ድሀ አደጉና መበለቷ ከአሥራቱ ይበሉ እንደነበር ተጽፏል። ይህን ይዘው «ታዲያ እኔም ለድሀ ልስጠው» የሚሉ አሉ። ግን እዚያም ቢሆን የእግዚአብሔርን ቤት የሚያገለግለው ሌዋዊ አልተረሳም፤ አከፋፈሉም በሥርዓት የታዘዘ ነበር እንጂ እያንዳንዱ እንደታየው የሚያደርገው አልነበረም። አሥራትሽን ለአጥቢያሽ ስጪ፤ የልጆቹን ስጦታ በአቅምሽ አሳንሺው። ከቸገረሽ ይህንንም ለንስሓ አባትሽ ንገሪያቸው።

ሙስሊሙን ልጅ እንዳትተዉት። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ሃይማኖቱን ጠይቆ አይደለም ዘይት ያፈሰሰለት። አባታችንም ፀሐዩን ለሁሉ ያወጣል። ስጦታውን ግን ልጁን ወደ እኛ እምነት ለመሳብ አታድርጉት፤ ጫማ ነው፣ ጫማ ሆኖ ይሰጠው። ወላጆቹን አስቀድማችሁ አማክሩ። ለምሳ የምትጠሩት ከሆነ ደግሞ የሥጋውን ነገር አስቡበት። እኛ የባረክነውን ሥጋ እነሱ አይበሉም፤ እኛም የነሱን አንበላም። ይህን አገሩ በሙሉ ያውቃል፣ በሠርግና በኀዘንም ለየብቻ እየተሠራ ኖረናል። ለሱ ሽሮውን ወይም ምስሩን ለብቻ በሌላ ድስት ሥሩለት። ለቤተሰቡ መስጠት ከፈለጋችሁም ዶሮውን ከነሕይወቱ ስጧቸው፣ ራሳቸው አርደው ይብሉ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ስጦታውን በዕለተ ገና አትስጡ። ታኅሣሥ 20 አካባቢ፣ በዘንቢል አድርጋችሁ፣ ማታ ለእናትየው አድርሱላት። ልጁ በበዓሉ ጧት እንደ ሰፈሩ ልጆች አዲሱን ለብሶ ይውጣ። ማን እንደገዛለት የምታውቀው እናቱ ብቻ ትሁን።