ኬራቶኮነስ ነው ለተባልሽው እህቴ፦ ቀጠሮውን ከመጠበቅሽ በፊት የዓይንሽን ካርታ በእጅሽ አድርጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። «21 ዓመቴ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ሐኪሙ በሁለቱም ዓይኖችሽ ላይ ኬራቶኮነስ አለ ብሎ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ አለኝ። እታወራለሁ ወይ? እስከዚያስ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። እኔም በአንቺ ዕድሜ ይህንኑ ቃል ሰምቼ፣ ይህንኑ የስድስት ወር ቀጠሮ ይዤ ነው ከሐኪም ክፍል የወጣሁት። ዛሬ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሳነብ እውላለሁ፤ እንጀራዬ በዓይኔ ነው። የምጽፍልሽ ያለፍኩበትን ነው።

መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳሽን ልመልስ። አትታወሪም። ይህ በሽታ ብሌንን፣ ማለትም የዓይንን የፊተኛ ጥርት ያለ ሽፋን፣ እያሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ያወጣዋል፤ ስለዚህ እይታን ያደበዝዛል፣ ያዛባል፣ ማታ ማታ መብራቱን ሁሉ ጭራና ጥላ ያወጣበታል፣ 3ን 8 ያስመስላል፤ ብርሃንን ግን ጨርሶ አያጠፋም። በአብዛኛው ሰው ላይ ሠላሳዎቹንና አርባዎቹን ዕድሜ ሲይዝ እየረጋ ይሄዳል። የሚያሰጋው ዘመን አሁን ያለሽበት ነው፤ በወጣትነት በፍጥነት ይገፋል። ስለዚህ ሥራሽ አንድ ነው፤ እስኪረጋ ድረስ ያለሽን እይታ አለማስነካት።

1. ዓይን ማሸት ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። እኔ በልጅነቴ የበጋው አቧራ ሲነሳ ዓይኔ ይቀላና ያሳክከኝ ነበር፤ በእጄ መዳፍ እስኪያረካኝ አሸው ነበር፤ እናቴም አስተማሪዎቼም ሲያዩኝ ኖረው ማንም አንድ ቀን «ተው» አላለኝም፤ አያውቁማ! አለርጂ ያለበት ዓይንና ማሸት ከኬራቶኮነስ ጋር የቅርብ ዝምድና አላቸው። ብሌኑ እየሳሳ ያለ ዓይን በተጫንሽው ቁጥር ይጎዳል። ማሳከኩን አክሚው፤ በንጹሕ ጨርቅ ቀዝቃዛ ነገር ያዢበት፣ ሐኪምሽን የአለርጂ ጠብታ እንዲያዝልሽ ጠይቂ፣ በሆድሽ ተኝተሽ ዓይንሽን ትራስ ላይ አትጫኚ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምንሻለሁ። መድኃኒት ቤት ሄደሽ «ዓይኔን ያሳክከኛል» ስትዪ ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን የሚሰጥሽ አይጠፋም። በአንድ ጠብታ ማሳከኩ ድራሹ ስለሚጠፋ ሰው ይወደዋል። ስቴሮይድ ስለሆነ ግን ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ከተጠቀምሽበት የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳውን ግላኮማ ያመጣል፣ የዓይን ሞራም ያስከትላል። በወረፋ አብሮኝ የተቀመጠ አንድ ወጣት የኬራቶኮነስ ታማሚ ነበር፤ እይታውን የወሰደበት ግን ኬራቶኮነሱ አልነበረም፣ ለዓመታት እየገዛ የጨመረው ጠብታ ነው። ግላኮማ የወሰደው አይመለስም።

2. የዓይንሽን ካርታ ቅጂ ውሰጂ። ይህን ከሁሉም በላይ አስምሪበት።

የብሌንን ቅርጽ በሚለካው፣ ፔንታካም በሚባለው ወይም በሌላ መሰል መሣሪያ ተነስተሽ ከሆነ ውጤቱ በቀለም የተሠራ ካርታ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ታች በኩል ቢጫና ቀይ። ቀለሙን ተዪውና ሁለት ቁጥሮችን ፈልጊ። አንደኛው ኬ ማክስ ይባላል፤ ብሌኑ በጣም የተቀሰረበት ቦታ ስንት ዳይኦፕተር (የጉብጠቱ መለኪያ) እንደሆነ ይነግርሻል። የጤናማ ዓይን ብሌን በመካከሉ ወደ 43 ወይም 44 ይጠጋል። ሁለተኛው የብሌኑ ቀጭኑ ቦታ ውፍረት ነው፤ በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺኛ፣ ይለካል፤ ጤናማው በአማካይ 540 አካባቢ ነው። ሐኪምሽ ስድስት ወር ጠብቂ ያለሽ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከቀጣዩ ልኬት ጋር ለማነጻጸር ነው። ኬ ማክስ በአንድ ዓመት ውስጥ በ1 ዳይኦፕተር ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ብዙ ሐኪሞች በሽታው እየገፋ ነው ይላሉ፤ ክሮስ ሊንኪንግ (ብሌኑን በጠብታና በጨረር የሚያጠነክረው ሕክምና) ይሠራ የሚለው ውሳኔም ከዚህ ይመጣል። የመጀመሪያው ካርታ ከሌለ ንጽጽር የለም። ንጽጽር ከሌለ ደግሞ እንደገና መጠበቅ ነው።

በእኔ ላይ የደረሰው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ካርታ የተነሳሁት በአንድ የግል ክሊኒክ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ስከፍል ደረሰኝ ሰጡኝ፣ ካርታውን ግን ሐኪሙ በኮምፒውተሩ ላይ አሳይቶኝ በዚያው ቀረ። ቀጠሮዬ ደርሶ ስሄድ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ መለዋወጫ ከውጭ ይጠበቃል ተባልኩ። መቼ? አይታወቅም። ተመሳሳይ መሣሪያ ወዳለበት ሌላ ቦታ ልሄድ ወሰንኩና የቀድሞ ካርታዬን እንዲያትሙልኝ ካርድ ክፍል ጠየቅሁ። የተቀመጠችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ካርድ የክሊኒኩ ንብረት ነው፣ ለታካሚ አይሰጥም» አለችኝ። ካርዱን አልጠየቅሁም፣ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው የጠየቅሁት። ሐኪሙን ላናግር ስል በሌላ ቀን ነው የሚገባው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ስገባ ያቀረበልኝ ጥያቄ «ሌላ ቦታ ልትታከም ነው?» የሚል ነበር። አዎ ስል ፊቱ ተለወጠ፤ ማመልከቻ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። ስመለስ ማመልከቻው አልተገኘም። እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ የተሰጠኝ መልስ የመሣሪያው ኮምፒውተር ተቀይሮ የድሮው መረጃ ጠፍቷል የሚል ነበር። በሰው ዓይን ላይ የተደረገ ልኬት «ጠፍቷል» ተብሎ በአንድ ቃል ይዘጋል? ይቅርታ የጠየቀኝ እንኳን አልነበረም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሁለተኛው ሐኪም ትሑት ሰው ነበር፤ ከፊቴ ተቀምጦ «የቀድሞው ልኬት ቢኖር ዛሬውኑ እንወስን ነበር፤ አሁን ግን የዛሬውን መነሻ አድርገን መጠበቅ አለብን» አለኝ። ጠበቅን። ካርታው ሲደገም ሁለቱም ዓይኖቼ ገፍተው ነበር። የግራው በቂ ውፍረት ስለነበረው ክሮስ ሊንኪንግ ተሠራለትና እስከ ዛሬ ባለበት ቆሟል። የቀኙ ግን ከ400 ማይክሮን በታች ወርዷል። በተለመደው አሠራር ላይኛው ስስ ሽፋን ከተነሳ በኋላ ቢያንስ 400 ማይክሮን መቅረት አለበት፤ ጨረሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ የብሌኑን የውስጥ ሕዋሳት እንዳይጎዳ ነው። የቀኝ ዓይኔ ዕድል በዚያ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ አለፈ።

ስለዚህ እህቴ፣ ቀጠሮሽን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ሂጂ። የሁለቱንም ዓይን ሙሉ ካርታ እንዲያትሙልሽ ጠይቂ፤ ካላተሙልሽ ስክሪኑን በስልክሽ ለማንሳት ፍቀዱልኝ በዪ፤ ቀኑና የመሣሪያው ስም እንዲታይ አድርጊ። ከፍለሽበታል፣ ዓይኑም የአንቺ ነው። የሚቀጥለውንም በተቻለሽ መጠን በዚያው ዓይነት መሣሪያ ተነሺ፤ የተለያዩ መሣሪያዎች ቁጥር እርስ በርሱ በትክክል አይነጻጸርም። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ለስንት ቀን ማውለቅ እንዳለብሽ ጠይቂ፤ ሌንስ የብሌኑን ቅርጽ ለጊዜው ስለሚለውጠው ካርታውን ያሳስተዋል። ደግሞም «መነጽር በስድስት ወር ውስጥ ሁለቴ ተቀየረልኝ» ብለሽ ጽፈሻልና ያንን ማዘዣም ይዘሽ ሂጂ፣ እሱም ማስረጃ ነው። ሐኪሙን በትሕትና ግን በግልጽ «በዚህ ዕድሜዬ ስድስት ወር አይበዛም? ሦስት ወር ላይ ብንደግመውስ?» በዪው። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

3. ክሮስ ሊንኪንግ ይሠራ ከተባልሽ አትፍሪ፣ ምን እንደሚያደርግልሽ ግን እወቂ። በጀርመን ድሬስደን ከተማ የተወለደ ሕክምና ነው፤ በሰው ላይ የተገኘው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ፣ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2016 ፈቀደው። አጎቴ «ሙከራ ነው፣ ዓይንህን አታስነካ» ብሎ ስለተከራከረኝ ነው ዓመቱን በቃሌ የያዝኩት። ማደንዘዣ ይጨመራል፣ የብሌኑ ላይኛው ስስ ሽፋን ይነሳል፣ ራይቦፍላቪን የሚባለው ቢጫ የቫይታሚን ጠብታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይንጠባጠባል፣ ከዚያ የአልትራቫዮሌት ብርሃን። በድሬስደኑ አሠራር ብርሃኑም ሌላ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ አሁን የሚያጥሩ አሠራሮችም አሉ። በሚሠራበት ጊዜ አያምም። የሚያመው ማታ ነው። እንባው፣ ብርሃን መፍራቱ፣ አሸዋ የገባ ያህል መቆርቆሩ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ከሆስፒታሉ የሚመልስሽ ሰው ይኑር። በዶርም ውስጥ ሆነሽ አትሠሪው፤ የሴሚስተር ዕረፍት ላይ፣ ከቤተሰብሽ ጋር ሆነሽ፣ ከአቧራና ከጭስ ርቀሽ። ከሕክምናው በኋላ የሚታዘዝልሽ ጠብታ ውስጥ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል፤ ያ ሌላ ነው፣ እንደታዘዘው ጨርሺው።

ከዚህ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እይታሽ ከቀድሞው ይደበዝዛል። እኔ ሕክምናው ከሸፈ ብዬ አልቅሻለሁ፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አልከሸፈም፣ ቀስ እያለ ይመለሳል። ክሮስ ሊንኪንግ በሽታውን ያቆማል እንጂ እይታን አያድስም፤ ለእይታው መነጽር ወይም ሌንስ ያስፈልጋል። ዓይንሽ ሳይረጋ ውድ መነጽር አትግዢ። «መነጽር የሚያስጥል የሌዘር ሕክምና» የሚል ማስታወቂያም ካየሽ ዝም ብለሽ እለፊው፤ ሌዘሩ የሳሳውን ብሌን ይበልጥ ስለሚያሳሳው ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው ክልክል ነው።

የቀኝ ዓይኔን ነገር ሲሰሙ ቤተሰቦቼ ተሰብስበው መከሩ። አባቴ መሬቱን ሸጦ ለብሌን ንቅለ ተከላ ህንድ ሊልከኝ ተነሳ። ህንድ ውስጥ እንደ ማዱራይው አራቪንድና እንደ ሃይደራባዱ ኤል ቪ ፕራሳድ ያሉ ትልልቅ የዓይን ሆስፒታሎች አሉ፤ እዚሁ አገራችንም የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የብሌን ንቅለ ተከላ ይሠራል። ግን ኬራቶኮነስ ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ እዚያ አይደርሱም። ሐኪሜ «መጀመሪያ ሌንስ እንሞክር» አለ፤ እኔም የአባቴን መሬት አላሸጥም ብዬ ጸናሁ። ስክሌራል የሚባለው ሰፊ ጠንካራ ሌንስ ብሌኑን ሳይነካ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያርፋል፤ በሌንሱና በብሌኑ መካከል ያለው ንጹሕ ፈሳሽ ወጣ ገባውን ይሞላዋል። ያን ቀን በዚያ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ካለው የፊደል ሰሌዳ የታችኛውን ረድፍ አነበብኩ። አባቴም አብሮኝ ነበር። መሬቱ ዛሬም አለ፣ አባቴ ያርስበታል።

ሌንሱ ውድ ነው፣ ከውጭ ታዝዞ ስለሚመጣም ያስጠብቃል። ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ስለሚቀያየር ቁጥር አልጽፍልሽም፤ ነገር ግን ከመክፈልሽ በፊት «ካልገጠመኝ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀየርልኛል ወይ?» ብለሽ በጽሑፍ አስያዢ። ማጥለቅ መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፤ ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ፎጣ አንጥፈሽ፣ ፊትሽን ወደ ታች ደፍተሽ፣ በፈሳሽ የተሞላውን ሌንስ በትንሿ የጎማ መያዣ ወደ ዓይንሽ አምጪው። የአየር አረፋ ከገባ አውልቀሽ ድገሚ። የቧንቧ ውኃ ሌንሱን አይንካው፤ ምራቅማ በፍጹም። በውኃ ውስጥ የሚኖር አካንታሜባ የሚባል ጥቃቅን ነፍሳት ከሌንሱ ጋር ከገባ ብሌንን ክፉኛ ያቆስላል። ጸበል የምትሄጂ ከሆነ ሌንስሽን ቤት አስቀምጠሽ ሂጂ። እኔ ጸበል እጠመቃለሁ፣ እምነቴ ነው፤ ሌንሱ ግን በመያዣው ውስጥ ይጠብቀኛል። መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ፈሳሽ አንዴ ከተከፈተ ለነገ አይቀመጥም። ሌሊት አውልቀሽ ተኚ።

ታናናሾች ካሉሽ አስመርምሪያቸው፤ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ታናሽ እህቴ ምንም አይታወቃትም ነበር፣ መነጽር እንኳን አልነበራትም። እየጎተትኩ ወስጄ አስነሳኋት፤ በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ገና ጅምሩ ተገኘ። ካርታዎቿን በቀናቸው ደርድሬ በፋይል ያዝኩላት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ተለይቶ ሲታይ ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር ወሰነ። ዛሬ በቀላል መነጽር ሁሉንም ታነባለች፣ መኪናም ትነዳለች። ይህን ስናገር እኮራለሁ።

ልዘነጋው ነበር። አንድ ቀን ዓይንሽ በድንገት ነጭ ደመና ቢለብስ፣ ቢያምሽና ቢያለቅስ፣ የብሌኑ የውስጥ ሽፋን ተሰንጥቆ ውኃ ገብቶበት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይጠራል፣ ግን ሐኪም ሊከታተለው ይገባል። ያኔ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሌንስሽን አውልቀሽ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ካርታዎችሽንም ይዘሽ።