ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ተራራ ልትወጪ ነው? ሁለት ጥያቄ ጠይቂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። «ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ ተመዝግቤያለሁ። እርምጃዬ ቀርፋፋ ነው፣ ሸክም እንዳልሆንባቸው ፈራሁ፣ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። ስለ ጫማና ስለ ካልሲ የሚመክርሽ ሞልቷል፣ እኔ እሱን አልደግመውም። ማንም ያልነገረኝን ልንገርሽ።

1. ከመነሳታችሁ በፊት አዘጋጁን ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ጫፍ ደረስንም አልደረስንም ስንት ሰዓት ላይ ነው ፊታችንን የምናዞረው? ሁለተኛ፣ ከሁሉም ኋላ የሚሄደው ማነው? ለሁለቱ ቁርጥ ያለ መልስ ከሌለው ገንዘብሽን አስመልሺ።

እኔ ጠይቄ ነበር። ስልክ ያነሳችው ልጅ «እሱ እዛው ይታያል፣ አይጨነቁ» አለችኝ። አላስቻለኝም፣ ቢሮ ድረስ ሄድኩ። ሰውዬው ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል «እዚህ የሚመዘገበው መራመድ የሚችል ሰው ነው» አለኝ። ያውም ሰው ፊት! የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ ግን ያቺ ንግግር እስካሁን ትከነክነኛለች። ክፍያው አይመለስም ስለተባልኩ እልህ ይዞኝ ሄድኩ።

መሪያችን ጎበዝ ተራማጅ ነው፣ እሱን አልክድም። አቀበቱ ሲጀምር ከፊት ካሉት ጎረምሶች ጋር ተፈተለከ። በየመታጠፊያው ይቆማሉ፣ ቁጭ ይላሉ፣ ውሃ ይጠጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኛ እያለከለክን ስንደርስ «በሉ እንቀጥል!» ይሉና ብድግ። አስቢው እስቲ። ሲያርፍ የሚውለው ያልደከመው ነው፣ የደከመው ግን ትንፋሹን ሳይሰበስብ ይነሳል። ቀርፋፋ የሚባለው ሰው እኮ ግማሹ ድካሙ እረፍቱን ተቀምቶ ነው። ስለዚህ እነሱ ሲነሱ አትነሺ። «እኔ አሁን ነው የደረስኩት፣ አምስት ደቂቃ ስጡኝ» በይና ቁጭ በይ። ማፈር የለም። ደህና መሪ ቢሆንማ ኖሮ እርምጃውን ከኋለኛው ሰው ጋር ያስተካክል ነበር።

2. ሰዓቱን ራስሽ አስይው። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ትይዣለሽ፣ ወደ ላይ ለምትወጪው ለየ600 ሜትሩ ደግሞ አንድ ሰዓት ትጨምሪያለሽ። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ 900 ሜትር ቢሆን አራት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ይሄ እረፍት የሌለበት፣ የጠንካራ ሰው ሂሳብ ነው። ለእኔና ላንቺ ቢጤ ደህና አድርገሽ ጨምሪበት። ከዚያ አዘጋጁ ከነገረሽ ሰዓት ጋር አስተያዪው። የኛዎቹ የነገሩን ሰዓት ለፍየል እንኳ አይበቃም ነበር።

3. ከኋላ ከሚቀሩት ጋር ተዋወቂ። የመንገድ ጓደኛ ያለው እዚያ ነው። ከፊት ያሉት ወሬያቸው ሰዓታቸውና የልብ ምታቸው ብቻ ነው። እኛ ኋላ ሦስት ሆነን ቀረን፦ እኔ፣ እናቴ የሚሆኑ አንድ ሴትዮ፣ እና ከመኪናው ጀምሮ አፉን ያልዘጋ አንድ ወጣት። ልጁ የኋላ ሰው አልነበረም፣ ጠዋት ከፊተኞቹ ጋር ነው የወጣው። መሃል ላይ ደረስንበት። ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ኖሮ ሴትዮዋ አስቀመጡኝ። ከቦርሳቸው ፕላስተርና የጥፍር መቀስ አወጡ፣ ጠርዙን ክብ አድርገው ቆረጡት። «ማዕዘኑ ካልተቆረጠ ካልሲው ይልጠዋል» አሉኝ። ያን ቀን ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚረባው እሱ ነበር።

ይሄን ሁሉ ስንሠራ ልጁ ዝም አለ። ያስደነገጠን ዝምታው ነው። ጭንቅላቴን ወጋኝ አለ፣ ቀጥሎ አቅለሸለሸው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነበርን። እዚህ ላይ አደራሽን፣ ከ2,500 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አብረው ከመጡ ከፍታው ነው ብለሽ ያዢው። መድኃኒቱ ወደ ላይ አለመጨመር ነው፣ ከባሰ መውረድ። ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የሚምታታ ከሆነ ሳይውል ሳያድር መውረድ ነው። ጉብዝና አይመልሰውም፣ ስፖርተኛውንም ይይዛል። ብቻውንም አይላክም።

መሪውን በስንት ጩኸት አስቆምነው። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ግሩፑን አታበላሹ» አለን። ሴትዮዋ «እኛ ወርደናል» አሉና ዱላቸውን አንስተው ቀደሙ። በቃ። ልጁን መሃል አስገብተን ወረድን። ዝቅ እያልን ስንሄድ ፊቱ ተመለሰ፣ ወሬውም ተመለሰ፣ እንዲያውም ብሶበት።

ወደ ላይ የሚወጡ ሌሎች መንገደኞችም አገኘን። ጠባብ መንገድ ላይ ለሚወጣው ሰው ዳር ይዞ ማሳለፍ ደንብ ነው፣ ያኔም ነው ወሬ የሚለዋወጡት። ላይ ጭጋግ እየወረደ ነው አልናቸው፤ እነሱም ታች ያለው ድልዳል እንደሚያንሸራትት ነገሩን። አንቺም ከላይ የሚወርድ ሰው ስታገኚ ሰላም ብለሽ አትለፊ፣ ጠይቂ። የነሱ ወሬ ከስልክሽ የአየር ትንበያ ይበልጣል። ብርዱንም እንደታች እንዳትገምቺው፣ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል።

የፊተኞቹስ? ጫፍ ደረሱ፣ ጭጋግ ፎቶ አነሱ፣ ሲመሻሽ በስልክ መብራት እየተደናበሩ ወረዱ። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ በሰው ትከሻ ነው የመጣው። እኛ መኪናው ጋ ልብስ ቀይረን ስንጠብቃቸው ነበር። በማግስቱ ድርጅቱ «ሁሉም ተጓዦቻችን ጫፍ ደርሰዋል!» ብሎ ለጠፈ። «ሦስታችን አልደረስንም፣ በጤና ግን ገብተናል» ብዬ ከስሩ ጻፍኩ። አጠፉት። ደግሜ ጻፍኩ፣ አገዱኝ።

4 ምን ነበር? አዎ፣ ባትሪ። ግንባር ላይ የሚታሰረውን ያዢ፣ ቁልቁለት ላይ ሁለት እጅሽ ነፃ መሆን አለበት። ፊሽካም ያዢ። የተራራ የድረሱልኝ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ እንደገና መንፋት ነው።

እነዚያ ሰዎች ዛሬም ጓደኞቼ ናቸው። ስንወጣ ሴትዮዋ ከፊት ናቸው፣ ሌላው በሳቸው እርምጃ ይሄዳል። ልጁን ከኋላ አድርገነዋል፣ ወሬው ስለሚሰማ አለመቅረቱን እናውቃለን።

አሁን አንቺ የመንገዱን ርቀት፣ የአቀበቱን ከፍታና የነገሩሽን የመመለሻ ሰዓት ጻፊልኝ። አብረን እናሰላዋለን። ሰዓቱን አልነገሩሽም ከሆነ ዛሬውኑ ደውይላቸው።