ንባብ ማስተማር ላይ ማስተርስ ልማር ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፣ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ቋንቋ ነው። ክፍሌ ውስጥ ፊደሉን አንድ በአንድ ሲጠየቁ የሚያውቁ ግን ቃል ላይ ሲደርሱ የሚደናበሩ ልጆች አሉ፣ እንዴት እንደምረዳቸው ስለጨነቀኝ ንባብ ማስተማር ላይ ማስተርስ ልሥራ ብዬ አሰብኩ። ጓደኞቼ ደሞ "ትምህርት አመራር ተማሪ፣ እድገት ያለው እሱ ላይ ነው" ይሉኛል። ያገኘሁት ፕሮግራም ደግሞ ኦንላይን ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ርእሰ መምህር መሆን ከፈለግሽ ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። አንቺ ግን የጻፍሽልን ስለ ልጆቹ ስለሆነ ንባቡን ተማሪ ነው የምልሽ፣ ብቻ የዲግሪውን ስም አይተሽ እንዳትመዘገቢ። ስሙ "ሊትሬሲ" (ማንበብና መጻፍ ማለት ነው) ሆኖ ውስጡ ሲታይ አብዛኛው ሥነ ጽሑፍና የጥናት ዘዴ የሆነ ፕሮግራም ይኖራል፣ "ልዩ ፍላጎት" በሚል ስም ደግሞ ደህና የንባብ ኮርሶች ያሉት ይገኛል። የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቀሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ምን ልፈልግ ካልሽ፣ የአሜሪካው ናሽናል ሪዲንግ ፓናል እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት አምስት ነገሮች ላይ ነው ያተኮረው፦ የድምፅ ግንዛቤ (ቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለይቶ መስማት)፣ ፊደልን ከድምፅ ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀትና አንብቦ መረዳት። አምስቱም በደንብ ካልተሸፈኑ እለፊው። ከዛ በፊት ደግሞ ጎፍ እና ተንመር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ሐሳብ አለ፣ አንብቦ መረዳት ማለት ቃሉን ከፊደሉ ማንበብ መቻል ሲባዛ በቋንቋ መረዳት ነው ይላል፣ ልብ በይ ሲባዛ ነው እንጂ ሲደመር አይደለም፣ ስለዚህ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢጎለብት ውጤቱ ዜሮ ነው። ያንቺ ልጆች የትኛው ጋ እንደተያዙ መለየት ነው እንግዲህ ዋናው ሙያ።

ለምሳሌ ሥዕሉ ፈረስ የሚመስል እንስሳ ነው፣ ከሥሩ የተጻፈው "በቅሎ" ነው እንበል። አንዱ ልጅ "ፈረስ" አለ፣ ሌላው "ቦቅሎ" አለ። ሁለቱም ተሳስተዋል ብለሽ እኩል ኤክስ ብታደርጊባቸው ምንም አላወቅሽም። የመጀመሪያው ፊደሉን ጨርሶ አላየውም፣ ሥዕል አይቶ ነው የገመተው፣ ሁለተኛው ግን ፊደል በፊደል እያነበበ ነው የመጣው፣ የ"በ" እና የ"ቦ" ነገር ነው ያደናገረው፣ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። ገማቹን ለመያዝ ደግሞ ትርጉም የሌለው ቃል ስጪው፣ "ሙላቢ" በይና ጻፊለት፣ ሸምድዶት ሊሆን አይችልም፣ ሥዕልም የለውም፣ ወይ ያነበዋል ወይ ይቆማል። ጥሩ ፕሮግራም ይሄን የመሰለ ምርመራ እስኪሰለችሽ ያሠራሻል። (ልጁ ሲቸገር "ሥዕሉን እይና ገምት" እንድትይው የሚያስተምር ኮርስ ካጋጠመሽ ግን እኔ ብሆን ጥርጣሬ ይገባኛል።)

ኦንላይኑን በተመለከተ፣ ኦንላይን መሆኑ በራሱ አያስፈራም፣ የሚያስፈራው ፕራክቲከም፣ ማለትም የተግባር ልምምድ፣ የሌለው ከሆነ ነው። አንድ ወይ ሁለት ልጅ ይዘሽ፣ መርምረሽ፣ እቅድ አውጥተሽ፣ ለሳምንታት አስተምረሽ፣ ለውጡን እየመዘገብሽ፣ የሚያውቅ ሰው በአካልም ይሁን በቪዲዮ እያየ "እዚህ ጋ ቸኮልሽ፣ ልጁ ሳይጨርስ አንቺ ነገርሽው" የሚልሽ መሆን አለበት። ይሄ ከሌለ ወረቀት ብቻ ነው የምትይዢው። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ደውለሽ ፕራክቲከሙ ስንት ሰዓት ነው፣ ስሠራ የሚያየኝ ማነው፣ የራሴን ክፍል ልጆች መጠቀም እችላለሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሦስተኛው ከተፈቀደልሽ ሥራሽን ሳትለቂ መማር ትችያለሽ፣ ቴሲስሽንም ከዛው ከክፍልሽ ታወጪዋለሽ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ሃይስኩል ታሪክ ነው የማስተምረው፣ ተማሪዎቼ ጮክ ብለው ጥርት አድርገው ያነባሉ ግን ምን አነበባችሁ ስላቸው የለም። ይሄ ትምህርት ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ፣ ግን የትንንሽ ልጆቹን አትውሰድ፣ የከፍተኛ ክፍሎች ንባብ ላይ የሚያተኩር ፈልግ። ሬክት እና ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ቤዝቦል በደንብ የሚያውቁ ደካማ አንባቢዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ አንብበው ያስታወሱትና የተረዱት ቤዝቦል ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች በልጦ ተገኝቷል። ያንተም ልጆች የጎደላቸው የጉዳዩ እውቀትና ቃላቱ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ደግሞ ዲግሪው እስኪያልቅ ሳትጠብቅ ምንባቡን ከመስጠትህ በፊት አሥር ደቂቃ ስለ ጉዳዩ በማውራት ነገ መጀመር ትችላለህ።