ከላይብረሪ ዘፈን መዋስ ይቻላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምኖረው አሜሪካ ሜሪላንድ ነው፣ ስልኬ ያንኑ ዘፈን እየመላለሰ አሰለቸኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ላይብረሪ ሄደሽ ሙዚቃ ተዋሺ አለችኝ፣ እውነት ነው? ያስከፍላል?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ፣ በነጻ ነው! ካርድ ካለሽ ሲዲ መደርደሪያው ጋ ሂጂና ሽፋኑ ዓይንሽን የሳበውን አንሺ፣ እኔ የማሊውን አሊ ፋርካ ቱሬን ያገኘሁት እንደዛ ነው፣ ጊታሩ ልክ እንደኛ ክራር ሆኖብኝ መኪናዬን ጥግ አቁሜ እስኪያልቅ ሰማሁት።

ማጫወቻ ከሌለሽ ብዙ ላይብረሪዎች ሁፕላ የሚባል አፕ አላቸው፣ በካርድሽ ገብተሽ አልበሙን ለ7 ቀን ትዋሻለሽ፣ ወረፋ የለ፣ ቀኑ ሲያልቅ ራሱ ስለሚመለስ ቅጣት ምናምን የለ፣ በወር ስንት እንደሚፈቀድ ግን ከላይብረሪ ላይብረሪ ይለያያል።

እኔ ግን ሲዲውን እመርጣለሁ፣ ውስጡ ያለችው ቡክሌት ናት ትልቁ ነገር! ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፈረንሳይ የታተመውን ኢትዮፒክስ የሚባለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲ ጠይቂያቸው፣ 4ኛው ሲዲ የሙላቱ አስታጥቄ ነው፣ 21ኛው የእማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ፒያኖ፣ ቡክሌቱን እያነበብሽ ስትሰሚው ሌላ ነው። እዛ ከሌለ ከሌላ ቅርንጫፍ አስመጡልኝ በያቸው፣ ያመጡልሻል።