ወለሉን ከመንካትዎ በፊት ውሃው የሚገባበትን ይፈልጉ

አንድ የአዳማ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ስለምሠራ ከከተማ ከተማ እዞራለሁ። አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ አሮጌ ተጎታች ካራቫን ገዛሁ። አድሼ ከባለቤቴ ጋር ልኖርበት ነው። አልጋው ሥር ወለሉ ሲረገጥ ይሰምጣል። አናጢው ላዩ ላይ ቺፕውድ ደርበን ፕላስቲክ ምንጣፍ እናልብሰው ይላል። ልስማው?»

አይስሙት፣ ወንድሜ። እዚህ ሐዋሳ የማያቸው አሮጌ ካራቫኖች ወለላቸውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበሰብሰው ከላይ የሚገባ ውሃ ነው። ውሃው በጣሪያ መጋጠሚያ ወይም በመስኮት ይገባል፣ በግድግዳው ውስጥ ይወርዳል፣ አልጋ ሥር ይጠራቀማል። ላዩን ከሸፈኑት መበስበሱ ከዓይንዎ ተሰውሮ ይቀጥላል።

ፀሐያማ ቀን ይምረጡ። አንድ ሰው ከውጭ በጎማ ውሃ ያፍስስ፤ እርስዎ ባትሪ ይዘው ውስጥ ይግቡ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፦ መጀመሪያ የመስኮቱ ሥር፣ ከዚያ ጎኑ፣ ከዚያ ላዩ፣ በመጨረሻ ጣሪያው። እያንዳንዱ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከጣሪያ ከጀመራችሁ ሁሉም ይረጥብና የቱ ጋ እንደገባ ይጠፋችኋል።

ቦታው ሲገኝ ሲልከን መለቅለቅ ያሰኛል። ይተዉት። በደረቀ ሲልከን ላይ ቀለም አይዝም፣ ሌላ ማጣበቂያም አይዝም። የመስኮቱን ፍሬም ፈትተው ያውጡ፣ የቆየውን ማስቲሽ እስከ ላሜራው ፍቀው ያጽዱ። ከፍሬሙ ሥር የማይደርቀውን የቡቲል ማስቲሽ ዙሪያውን ያንጥፉና ብሎኑን ቀስ በቀስ ያጥብቁ። ማስቲሹ በሁሉም ጎን ተጨምቆ ብቅ ሲል ይዟል።

አሁን ወደ ወለሉ። በካቻቢቴ ጫፍ እየወጉ ይሂዱ፤ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ አልቋል። ጠንካራውን ሲያገኙም እዚያው አይቁረጡ፤ እስከ ቀጣዩ ማገር ይለፉ፣ የአዲሱ ጠርዝ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ቺፕውድ እርጥበት ሲነካው አብጦ ይፈርሳል። ውሃ የሚችል ባለ 15 ወይም 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ይግዙ። ሁለቱን ፊት፣ በተለይ የተቆረጠውን ጠርዝ፣ ቀለም ያጠጡት።

ወለሉ ክፍት ሳለ ቻሲውን፣ ማለትም ካራቫኑን የተሸከመውን ብረት፣ በመዶሻ ይምቱ። ጤነኛ ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። የተበላውን ያስበይዱ፣ አንቲራስት ይቀቡ፣ የጎማዎቹን ኩሽኔታዎችም አስፈትተው አዲስ ግራሶ ያስሞሉ። ጎማው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይመኑት። ጎኑ ላይ 2315 የሚል ካነበቡ በፈረንጅ 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አርጅቷልና ይቀየር።

የውሃ ታንከሩን ከአክሱ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ብረት፣ አናት ላይ ያድርጉት። 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ ነው፤ ወደ ኋላ ከሄደ ካራቫኑ መንገድ ላይ መወዛወዝ ይጀምራል።

አንድ አደራ አለኝ። ኩሽናው በኩል ወለሉ ላይ የአየር ቀዳዳ ካለ አናጢው እንዳይደፍነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው፤ መውጫው በዚያ ነው። አይጥ ካሰጋችሁ ወንፊት ሽቦ ይግጠሙበት።